ከወርቁ በፊት ሰሙን ይመልከቱ፦ ኪነ ጥበብ የማኅበረሰብን ስውር ሐሳብ ያሳያል ወይ?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂያችን ከአንድ ወዳጃቸው ጋር ተከራክረዋል። ወዳጃቸው፣ አንድ ማኅበረሰብ በአደባባይ የማይናገረውን ፍርሃትና ምኞት ለማወቅ ዘፈኑን መስማት፣ ፊልሙን ማየት፣ ልቦለዱን ማንበብ ይበቃል ይላሉ። ጠያቂያችን ደግሞ ሥዕል የሠዓሊውን ጠባይና የገዢውን ኪስ ያሳይ እንደሆነ እንጂ የሕዝብን ልብ አያሳይም ባይ ናቸው። «ማናችን ነን ልክ? የሚያሳይ ከሆነስ የራሳችንን ዘመን ገመና ዛሬውኑ ማንበብ እንችላለን ወይስ የልጅ ልጆቻችን ናቸው የሚያነቡት?» ሲሉ ጠይቀዋል።

መልሴን ላስቀድም፤ ወዳጅዎ ልክ ናቸው። ነገር ግን በዚህ ጉዳይ ልክ የሆነ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያቀርበው ማስረጃ የተሳሳተውን ነው። ስለዚህ የእርስዎን ጥርጣሬ አልጥለውም፤ እንዲያውም ግማሹን መንገድ በእሱ ነው የምሄደው። (ዓመተ ምሕረቶቹን፣ ወራቱንና ቀኖቹን በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።)

በአማርኛ የምናስብ ሰዎች ለዚህ ጥያቄ የተዘጋጀ መሣሪያ አለን፤ ሰምና ወርቅ። ላይ ላዩ ሰም፣ ውስጡ ወርቅ። «ኪነ ጥበብ ስውር ሐሳብ አለው» ስንባል አይደንቀንም፤ ወዲያው ወርቁን ፍለጋ መቆፈር እንጀምራለን። ችግሩም የሚጀምረው እዚሁ ላይ ነው። ቅኔ ውስጥ ወርቁን የቀበረው ባለቅኔው ራሱ ነው። የት እንደቀበረው ያውቃል፤ ሰሚው ሲያገኘውም ያውቃል። ካስፈለገ «እንዲህ ማለትዎ ነው?» ተብሎ ይጠየቃል። የማኅበረሰብ ስውር ሐሳብ ግን ቀባሪ የለውም። ዘፋኙም ሆነ ደራሲው፣ ሰሚውም ቢሆን አላወቁትም፤ ቢያውቁትማ ስውር ባልተባለ። እንግዲህ አንዱ ተነሥቶ «ወርቁን አገኘሁት» ቢል፣ «የለም፣ እንዲያ አላልኩም» የሚለው ባለቅኔ ከየት ይመጣል? ሁሉም የፈለገውን ወርቅ ማግኘት ይችላል። በሙያችን የተከማቸው የውሸት ወርቅ ለጉድ ነው።

አንዱን ቀረብ ብለን እንየው። በ1910 የሥነ ልቦና ትንተና መሥራቹ ሲግመንድ ፍሮይድ ስለ ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ አንድ ድርሰት አሳተመ። መነሻው ሊዮናርዶ በማስታወሻው መካከል ጣል ያደረጋት አጭር ትዝታ ናት፦ ገና የአልጋ ሕፃን ሳለ አንድ ወፍ መጥቶ በጅራቱ አፉን ከፈተው፣ ከንፈሩንም ደጋግሞ መታው። ፍሮይድ ያነበበው የጀርመንኛ ትርጉም ወፉን ጥንብ አንሣ ይለዋል። ፍሮይድ ከዚያ ተነሥቶ ጥንታዊት ግብፅ ድረስ ዘለቀ። በጥንብ አንሣ የምትመሰለውን፣ ስሟ «ሙት» የሚባለውን እናት አምላክ አመጣ፤ ጥንብ አንሣዎች ሁሉ ሴት ናቸው የሚለውን የጥንት እምነት ጨመረበት፤ በዚህ ቁልፍ የሠዓሊውን ልጅነት፣ ለእናቱ የነበረውን ፍቅር፣ የሥዕሎቹን ፈገግታ ሳይቀር ፈታ። ከተከታዮቹ አንዱ ደግሞ ፓሪስ ሉቭር ሙዚየም ባለው የማርያምና የቅድስት ሐና ሥዕል ላይ፣ በማርያም ልብስ እጥፋት ውስጥ የተደበቀ የጥንብ አንሣ ቅርጽ አየሁ አለ። ፍሮይድም ይህን በኋላኛው እትም አስገባው።

ሊዮናርዶ በጣልያንኛ የጻፈው ቃል ግን «ኒቢዮ» ነው። ኒቢዮ ጭልፊት እንጂ ጥንብ አንሣ አይደለም።

ይህን ሥዕል ለተማሪዎች ሳሳይ መጀመሪያ «ጥንብ አንሣውን ፈልጉ» እላቸዋለሁ። ያገኙታል። አንገቱን፣ ክንፉን፣ ጅራቱን በጣታቸው እየዞሩ ያሳዩኛል። የትርጉሙን ስሕተት የምነግራቸው ከዚያ በኋላ ነው። ክፍሉ ጸጥ ይላል፤ ምክንያቱም ወፉን አንዴ ያየ ዓይን መልሶ አላየሁም ማለት አይችልም። የሌለ ነገር እንዲህ ጥርት ብሎ ይታያል።

ይህ ስለ አንድ ሰው ነው። ነገሩ ስለ ሕዝብ ሲሆን ስሕተቱም አብሮ ይገዝፋል። ዚግፍሪድ ክራካወር የጀርመን ጋዜጠኛና የፊልም ሐያሲ ነበር፤ ናዚዎች በ1933 ሥልጣን ሲይዙ ተሰደደ፣ በ1947 በአሜሪካ አንድ ታዋቂ መጽሐፍ አሳተመ። መጽሐፉ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ እስከ ሂትለር መምጣት የተሠሩትን የጀርመን ፊልሞች ይመረምራል። ፊልም በቡድን የሚሠራ፣ ለብዙኃንም የሚቀርብ ስለሆነ ከሌላው ጥበብ ይልቅ የሕዝብን የተደበቀ ዝንባሌ ያወጣል ይላል ክራካወር። በእሱ አነጋገር ስንሄድ ጀርመናውያን ለአምባገነን ሊንበረከኩ መሆናቸውን ራሳቸው ሳያውቁት ፊልማቸው ያውቅ ነበር ማለት ነው።

ዋናው ምስክሩ በ1920 የወጣው የዶክተር ካሊጋሪ ፊልም ነው። ድምፅ የለውም፤ ግድግዳውና መስኮቱ የተንጋደደ፣ ጥላው ሳይቀር በቀለም የተቀባ ነው። ካሊጋሪ በእንቅልፍ ልቡ የሚሄድን ወጣት እያዘዘ ሰው ያስገድላል። መጨረሻ ላይ ግን ታሪኩን የነገረን ሰው የአእምሮ ሕሙማን ማቆያ በሽተኛ፣ ካሊጋሪ ደግሞ የማቆያው ኃላፊ ሐኪም ሆነው ይገኛሉ። ክራካወር ከሁለቱ ጸሐፊዎች አንዱ በተወው ማስታወሻ ተመሥርቶ፣ ይህ ማቀፊያ ትረካ ኋላ የተጫነ ነው አለ። የመጀመሪያው ታሪክ በሥልጣን ላይ ያመፀ ነበር፤ ማቀፊያው ግን አመፀኛውን እብድ፣ ባለሥልጣኑን ጤነኛ አደረገው። ማብራሪያው ያምራል። ከዓመታት በኋላ ግን ካሊጋሪን ሆኖ በተጫወተው ተዋናይ እጅ የነበረው የመጀመሪያው ስክሪፕት ተገኘ። ለካ ከመነሻውም ማቀፊያ ትረካ ነበረው፤ የኋላኛውን ዓይነት አይሁን እንጂ።

ከዚህ የሚብሰው ሌላው ነው። ክራካወር ይህን ሲጽፍ የታሪኩን መጨረሻ ያውቃል። መጨረሻውን የሚያውቅ ሰው ወደ ኋላ ዞሮ ሲያይ አስፈሪ ሐኪም ሁሉ ሂትለርን ይመስለዋል። በዚያው ዘመን ጀርመናውያን ኮሜዲም የአሜሪካ ፊልምም በገፍ ያዩ ነበር፤ እነዚያ በክርክሩ ውስጥ የረባ ቦታ አላገኙም። ሂትለር ባይመጣስ ኖሮ ያው የተንጋደደ ግድግዳ ስለ ምን ይመሰክር ነበር? ይህን ጥያቄ መመለስ የማይችል ትንታኔ፣ ነገሩ ካለቀ በኋላ የተነገረ ትንቢት ነው።

እንግዲያው ምን ቀረን? ሰሙ ቀረን።

ሰም የምለው ነገሩ የተባለበትን መልክ ነው። በምን ዜማ ተባለ? ማን እንዲለው ይፈቀድለታል? መቼና ለማን? የት ላይ ሲደርስ ዝም ይባላል? ምን ሲሆን ያበቃል? ወርቁን እኔ ከራሴ ልፈጥረው እችላለሁ፤ ሰሙ ግን ከእኔ በፊት እዚያ ነበር፣ ሌላ ሰውም አይቶት ሊያርመኝ ይችላል።

ፍሬደሪክ ዳግላስ በአሜሪካዋ ሜሪላንድ በባርነት ተወልዶ፣ አምልጦ ነፃ ከወጣ በኋላ በ1845 የሕይወት ታሪኩን አሳተመ። በባርነት ያሉት ሰዎች የወር ቀለባቸውን ሊያመጡ ወደ ጌታው ዋና እርሻ ሲሄዱ ጥቅጥቁን ደን በዘፈን ያስተጋቡት እንደነበር ይተርካል። ጆሮው የያዘው ነገር አስደናቂ ነው፦ እጅግ አሳዛኙን ሐሳብ በፈንጠዝያ ዜማ፣ እጅግ አስደሳቹን ሐሳብ በእንጉርጉሮ ይሉት ነበር። ቃሉ ወዲህ፣ ዜማው ወዲያ። በኋላ ወደ ሰሜን ሲሄድ ደግሞ ይህን ዘፈን የባሮች ደስተኝነትና እርካታ ማስረጃ አድርገው የሚያወሩ ሰዎች አጋጥመውት ተገረመ። ሰው በባርነት አብልጦ የሚዘፍነው አብልጦ ሲከፋው ነው ይላል።

ያው አንድ ዘፈን ነው፤ አንዱ እርካታ ሰማበት፣ ሌላው ለቅሶ። «እንግዲያው ኪነ ጥበብ ምንም አያሳይም፣ ሁሉም የራሱን ነው የሚሰማው» ሊሉኝ ይችላሉ። አይደለም። ሁለቱ ሰሚዎች እኩል አልሰሙም። የሰሜኑ ሰው የሰማው መዘፈኑን ብቻ ነው። ዳግላስ የሰማው ቃሉና ዜማው የተጣሉበትን ቦታ ነው። ያ ጠብ በማንም ጆሮ የሚፈተን፣ በኖታ ሊጻፍ የሚችል ነገር ነው። ማኅበረሰብ ሲደብቅ የሚደብቅበት ስፌት ይታያል፤ ባለሙያ ማለት ስፌቱን የሚያይ ነው፣ ከስፌቱ ጀርባ ያለውን በግምት የሚናገር ሳይሆን።

ዳግላስ ከዚያው አያይዞ አንድ ነገር ይናገራል፤ በባርነት ሳለ የዘፈኖቹን ጥልቅ ትርጉም አላስተዋልኩም፣ ክቡ ውስጥ ስለነበርኩ ከውጭ ሆኖ እንደሚያይ ሰው ማየትና መስማት አልቻልኩም ይላል። ይህን ይያዙልኝ፤ ለሁለተኛው ጥያቄዎ እንመለስበታለን።

ሌላው ምሳሌ በእኔ ሚዛን በመስኩ ከተጻፈው ሁሉ የሚደፋ ነው። ሊላ አቡ ሉጎድ የተባሉ አንትሮፖሎጂስት በ1970ዎቹ መጨረሻ በግብፅ ምዕራባዊ በረሃ አውላድ ዓሊ ከሚባሉት የበደዊን ዐረቦች ጋር ኖረው፣ ያዩትን በ1986 አሳተሙ። በዚያ ማኅበረሰብ ክብር ማለት ራስን መቻል ነው፤ በፍቅር መሸነፍ፣ ለሄደ ሰው መንሰፍሰፍ ያዋርዳል። ባሏ ሌላ ሚስት ያገባባት ሴት በወሬ መካከል ስትጠየቅ «ምን ገዶኝ» ትላለች፤ ብትቆጣ እንጂ አታለቅስም። ቆየት ብላ ግን በቅርብ ሴቶች መካከል ጊናዋ የምትባለውን አጭር ግጥም ታንጎራጉራለች። ከአንድ እስትንፋስ ብዙም አትረዝምም። ግጥሟ የተሰበረ ልብ ነው፤ ሰሚዎቹም ይነካሉ። ማንም ግን «ቅድም ምን ገዶኝ ብለሽ አልነበር?» ብሎ አይይዛትም። በግጥም የተባለ በወሬ እንደተባለ አይቆጠርባትም።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችን ወደ ወርቁ እንሮጣለን፦ ግጥሙ እውነቷ ነው፣ «ምን ገዶኝ» ያለችው ጭንብል ነው እንላለን። አቡ ሉጎድ ወደዚያ አልሮጡም፤ የሥራቸው ትልቅነትም እዚህ ላይ ነው። ግጥሙም እንደ ክብሩ የተማረችው ነገር ነው። ቃላቱ የታወቁ፣ ምስሎቹ የተወረሱ፣ የሚባልበት ጊዜና የሚሰማው ሰው የተለየ ነው። ንዴቷም የእሷ ነው፤ ስብራቷም የእሷ ነው። ሁለቱንም ያስተማራት ያው አንዱ ማኅበረሰብ ነው። እኛ ግድቡ የሾለከ ይመስለናል፤ አልሾለከም፤ ቦዩ አስቀድሞ ተቆፍሮ ነበር። ታዲያ ምን ተገለጠ? ክብር የሚባለው ሕግ የት ላይ እንደሚያምና ሕመሙ ምን ያህል የታወቀ እንደሆነ። የታወቀ ባይሆን ቦይ ባልተቆፈረለት።

በነገራችን ላይ፣ አሜሪካዊው የፖለቲካ ሳይንስ ምሁር ጄምስ ስኮት ደካሞች ከኃያላን ጀርባ ስለሚነጋገሩት ድብቅ ንግግር በ1990 ያሳተመውን መጽሐፍ የሚከፍተው የኢትዮጵያ ነው ባለው ተረት ነው፤ ታላቁ ጌታ ሲያልፍ ብልህ ገበሬ ዝቅ ብሎ እጅ ይነሣል፣ ድምፅ ሳያሰማም ይፈሳል የሚል። ኪነ ጥበብን የምንተነትን ሰዎች ሁለተኛዋን ብቻ ቆጥረን «ይኸው፣ በልቡ አምፆ ነበር» እንላለን። ያ ገበሬ ግን ዝቅም ብሏል። በአንድ ሰውነት ሁለቱንም ነው ያደረገው፤ አንዱን ትተን አንዱን እውነት ብንለው ገበሬውን አላወቅነውም።

ዝምታም እንደዚሁ ነው። እንግሊዛዊቷ ደራሲ ጄን ኦስተን በ1814 ባሳተመችው ማንስፊልድ ፓርክ በተባለው ልቦለድ ውስጥ የቤቱ ጌታ በካሪቢያኗ አንቲጓ ደሴት ርስት አለው፤ የእነዚያ ደሴቶች እርሻ በባሪያ ጉልበት እንደሚሠራ የዘመኑ አንባቢ ያውቃል። የብሪታንያ ፓርላማ የባሪያ ንግድን የከለከለው በ1807፣ ልቦለዱ ከመውጣቱ ሰባት ዓመት ቀደም ብሎ ነው። ቤት ውስጥ በችሮታ የምትኖረው ፋኒ የባሪያ ንግድን ነገር አንሥታ አጎቷን ትጠይቃለች። ጥያቄውን ግን እኛ ሲጠየቅ አንሰማም፤ በማግሥቱ ለአጎቷ ልጅ ስታወራ ነው የምንሰማው። ልትቀጥል ፈልጋ እንደነበርና ድፍን ዝምታ እንደሆነባት ትነግረዋለች። የሥነ ጽሑፍ ሐያሲው ኤድዋርድ ሰዒድ በ1993 ይህን ቦታ ካነሣ ወዲህ ምሁራን ደራሲዋ ምን አስባ ነበር እያሉ ይከራከራሉ። እኔን ክርክሩ ብዙም አያስጨንቀኝም። ደራሲዋ አውቃም ይሁን ሳታውቅ፣ አንድ ሳሎን ውስጥ አንድ ጥያቄ ተነሥቶ ማንም እንዳልመለሰው ተጽፏል። ወሬው ወደ ሌላ ዞሯል። ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ከአንድ ልቦለድ አልጠብቅም።

ገልባጩ ጥበብም አለ፤ የሌለውን እንዳለ የሚሥል። ከስታሊን በኋላ ሶቪየት ኅብረትን የመሩት ኒኪታ ክሩሽቾቭ በ1956 በዝግ ስብሰባ ባሰሙት ታዋቂ ንግግር፣ ስታሊን ገጠሩንና እርሻውን የሚያውቀው በፊልም ብቻ ነበር ብለው ነበር። በእነዚያ ፊልሞች የኅብረት እርሻ ገበሬ ማዕድ በዝይና በቱርክ ዶሮ ክብደት ይጎብጣል፤ ስታሊንም እውነት መስሎት ሳይሆን አይቀርም አሉ። ጠረጴዛው የጎበጠው በፊልም ብቻ ነው። ሞልቶ ከፈሰሰው ማዕድ የራበውን ነገር ማንበብ ይቻላል። ያዘዘው ሰው ግን ያንን አላነበበም፤ ሌላው ሁሉ የሚያውቀውን ስፌት ሳያይ ሥዕሉን ገዛው።

እዚህ ላይ ወደ እርስዎ ጥርጣሬ ልምጣ። «የገዢው ኪስ» ብለዋል። እኔ በረኛም ልጨምርበት። በሆሊዉድ ከ1934 ጀምሮ በጥብቅ የተተገበረው፣ በ1968 የቀረው የፊልም ሥነ ምግባር ሕግ ወንጀለኛ ሳይቀጣ እንዳይቀር ያዝዝ ነበር። የዚያን ዘመን ፊልሞች አገላብጦ «አሜሪካውያን በፍትሕ የማይናወጥ እምነት ነበራቸው» የሚል ሰው የበረኛውን ደንብ አንብቦ የሕዝብ ልብ ያነበበ ይመስለዋል።

ከዚህ የረቀቀው ደግሞ ቆጠራው ነው። የአሜሪካው ቢልቦርድ መጽሔት የዘፈን ደረጃ ሰንጠረዥ ለረጅም ዓመታት የሚሠራው ሻጮችን «ምን እየተሸጠ ነው?» ብሎ በመጠየቅ ነበር። በግንቦት 1991 የአልበሞቹን ሰንጠረዥ በገንዘብ መቀበያ ማሽን ከሚነበበው ባር ኮድ መቁጠር ጀመረ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ የነጠላ ዘፈኖቹም ተከተሉ። ወር እንኳ ሳይቆይ ኤን ደብልዩ ኤ የተባለው ቡድን የራፕ አልበም አንደኛ ወጣ። የካንትሪ ሙዚቃም ሻጮቹ ያስቡት ከነበረው በላይ እንደሚሸጥ ታወቀ። በ2015 ደግሞ ተመራማሪዎች ከ1960 እስከ 2010 ሰንጠረዡ ላይ የወጡ ወደ 17,000 የሚጠጉ ዘፈኖችን በኮምፒውተር መርምረው ትልቁ የድምፅ ለውጥ የመጣው በ1991 ነው አሉ። እንግዲህ ይፍረዱ፤ በ1991 የሕዝቡ ጆሮ ተለወጠ? ወይስ ቆጣሪው? ራፕ በእውነትም እያደገ ነበር፣ ስለዚህ ሁሉንም ለማሽኑ አንሰጥም። ነገር ግን ከዚያ በፊት ተደብቆ የነበረው «የሕዝብ ስውር ፍላጎት» የተደበቀው በነፍስ ጥልቀት ሳይሆን በባንኮኒ ጀርባ ነበር። ሻጩ መልስ ሲሰጥ የማን ግዢ ትዝ ይለዋል፣ የማን አይለውም? ያ ራሱ ስለ ማኅበረሰቡ ብዙ ይናገራል። ኪሱና በረኛው ከማኅበረሰብ ውጭ የቆሙ አይደሉምና፣ ጥርጣሬዎ ወዳጅዎን ከማፍረስ ይልቅ ሥራ ያበዛባቸዋል።

ሁለተኛው ጥያቄዎ የራሳችንን ዘመን ዛሬውኑ ማንበብ እንችላለን ወይ የሚለው ነው። ዳግላስ ክቡ ውስጥ ሆኜ አልታየኝም ብሎናል፤ ተስፋ የሚያስቆርጥ ይመስላል። ግን ሁሌም እንደዚያ አይደለም።

መጋቢት 1 ቀን 1954 አሜሪካ በፓስፊኩ ቢኪኒ ደሴት የሃይድሮጅን ቦምብ ሞከረች፤ ፍንዳታው ከተጠበቀው ከሁለት እጥፍ በላይ፣ 15 ሜጋቶን ሆነ። በአካባቢው ዓሣ ያጠምድ በነበረ የጃፓን ጀልባ ላይ መርዛም አመድ ዘነበ። 23ቱም መርከበኞች ታመሙ፤ የሬዲዮ ሠራተኛው በመስከረም ሞተ። ኅዳር 3 ቀን ጎጂራ፣ በውጭ ጎድዚላ የምንለው ፊልም፣ ጃፓን ውስጥ ለሕዝብ ቀረበ። የሚከፍተው በባሕር ላይ ባለ ጀልባ ነው፤ ብርሃን ይቦግና ጀልባው ይጠፋል። ብዙ መጻሕፍት ይህን «የጃፓናውያን ስውር የኑክሌር ፍርሃት» ይሉታል። ምኑ ነው ስውር? ሲኒማ ቤት የተቀመጠው ሰው ሁሉ ከስምንት ወር በፊት የሆነውን ጋዜጣ ላይ አንብቧል። በባቡር ውስጥ አንዲት ተሳፋሪ ከናጋሳኪ ለጥቂት እንዳመለጠች ታወራለች። ወርቁ ላይ ላዩን ነው።

የሚያነጋግረው እንደገና ሰሙ ነው። ፍርሃቱ ለምን በአውሬ ተመሰለ? አውሬው ራሱ በቦምብ ከቤቱ የተነቀለ ተጎጂ ነው፤ ሲሞት ፊልሙ አይጨፍርም፣ ያዝናል። የሚገድለው ደግሞ ከቦምቡ የማይሻል አዲስ መሣሪያ ነው፤ የፈለሰፈው ሳይንቲስት ማስታወሻውን አቃጥሎ አብሮ ይሞታል። ከዚያ ፊልሙ በ1956 ወደ አሜሪካ ሲሻገር የሆነውን ይዩ፦ አንድ አሜሪካዊ ጋዜጠኛ ተጨመረበት፣ ቦምቡን የሚመለከተው ብዙ ንግግር ተቆረጠ። አንድን ማኅበረሰብ በአቋራጭ ማወቅ ከፈለጉ የሌላ አገር ሥራ ሲገባለት ምን እንደሚቆርጥ ማየት ነው። ለዚህ የልጅ ልጅ አያስፈልግም፤ ሁለት ቅጂና አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል።

አሁን ቅድም ወዳማሁት ክራካወር ልመለስ፤ ዕዳ አለብኝ። ሂትለርን ካየ በኋላ የጻፈው መጽሐፍ እንዲህ ቢነቀፍም፣ ያው ሰው ከሃያ ዓመት በፊት፣ በ1927፣ ፍራንክፈርት ላይ የጋዜጣ ሐያሲ ሳለ የጻፈው አጭር ጽሑፍ እስካሁን አልተሸራረፈም። ያኔ መጨረሻውን አያውቅም። የሚያየው ቲለር ገርልስ የሚባለውን የጭፈራ ቡድን ነበር፤ ወጣት ሴቶች በአንድ መስመር ተሰልፈው፣ አንድ ልብስ ለብሰው፣ እግራቸውን በአንድ ልክ ያነሣሉ፣ በአንድ ልክ ያወርዳሉ። ከሩቅ ሲታይ ሴት አይታይም፤ የእግር ረድፍ፣ የክንድ መስመር ነው የሚታየው። ክራካወር መልእክት አልፈለገም፤ ጭፈራው መልእክትም የለው። ቅርጹን ብቻ አየና፣ የእነዚህ ሴቶች እግሮች በፋብሪካ ካሉት እጆች ጋር ይዛመዳሉ አለ። በዚያ ዘመን ሠራተኛው በተርታ ቆሞ አንዷን እንቅስቃሴ ቀኑን ሙሉ ይደግማል፤ ሙሉውን ዕቃ የሚያየው የለም። ማታ ደግሞ ያንኑ ቅርጽ በመብራትና በሙዚቃ ሊያይ ትኬት ይቆርጣል።

አንድ ስሕተት አለበት። ቡድኑን የአሜሪካ መዝናኛ ኢንዱስትሪ ምርት አድርጎት ነበር፤ ሲመረመር መነሻው የእንግሊዟ ማንቸስተር ሆኖ ተገኘ። ፍሮይድ ወፉን ሲሳሳት ግብፅም፣ እናትም፣ በልብሱ እጥፋት የታየው ክንፍም አብረው ወደቁ። እዚህ ግን አገሩ ተቀየረ እንጂ የወደቀ ነገር የለም፤ እግሮቹ አሁንም በአንድ ልክ ይነሣሉ፣ በአንድ ልክ ይወርዳሉ።